«ባህል ነው» ብሎ ለመጣ ባል ምን ይባላል?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎት ከብቸና ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። በሰማንያ ከተጋባን 17 ዓመት ሆኖናል፤ ሦስት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ጤፍ ነጋዴ ነው። እኔ እዚህ ከገበሬው እረከባለሁ፣ እሱ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ድረስ ጭኖ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት እዚያ ሌላ ሴት እንዳለችውና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ እንደወለደችለት ሰማሁ። ስጠይቀው አልካደም። ‹አንቺን አልተውኩም፣ እሷንም አልተዋትም፤ እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ባህላችን ነው፤ አያቶቻችንም ያደርጉት ነበር፤ ኬንያ እንኳ በሕግ ፈቅዷል› አለኝ። አንድ ሰውዬ ከአራት ሚስቶቹ ጋር ተቀምጦ የሚስቅበት ቪዲዮም በስልኩ አሳየኝ። ሽማግሌ ላከብኝ። እነሱም ‹ቤትሽን አታፍርሺ፣ ለልጆችሽ ብለሽ ቻይው› አሉኝ። አሁን ደግሞ ቤታችንን አስይዞ ከባንክ ሊበደር ነው፤ ፈርሚ ይለኛል። ለፋሲካ ልጁን ይዤ እመጣለሁም ብሏል። እትዬ፣ አልዋሽዎትም፣ አሁንም እወደዋለሁ። ባህል ከሆነ እኔ ነኝ ወይ ያጠፋሁት? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን የባንክ ወረቀት አትፈርሚ። ዛሬም አትፈርሚ፣ ነገ ሽማግሌ ቢልክብሽም አትፈርሚ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ በደንብ እመለስበታለሁ።

«እኔ ነኝ ወይ ያጠፋሁት» ላልሽው፣ አንቺ አላጠፋሽም። ልጁ አራት ዓመት ከሆነው ነገሩ ቢያንስ አምስት ዓመት ሆኖታል። አምስት ዓመት ሙሉ አንቺ በሌሊት ተነስተሽ ጤፍ ስታስመዝኚ፣ የማዳበሪያ አፍ ስትሰፊ፣ ከገበሬው ጋር በኪሎ ስትከራከሪ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ስትልኪ፣ እሱ ሌላ ቤት እያቆመ ነበር። ያ ቤት የቆመው ደግሞ አንቺ በሰበሰብሽው ጤፍ ነው። ይህን የምለው ልብሽን ላቆስል አይደለም። በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን እንደ ተረጂ፣ እሱን እንደ ሰጪ አድርገሽ ስለጻፍሽው ነው። ንግዱ የሁለታችሁ ነው። እሱ እህል በረንዳ የሚያራግፈው አንቺ እዚህ የለቀምሽውን ነው።

እወደዋለሁ ማለትሽም አያሳፍርም። 17 ዓመት አብረሽው የበላሽውን ሰው በአንድ ክረምት ልጥላህ ብትዪም አይሆንልሽም። ብዙ ሴቶች ሲጽፉልኝ ይህን ይደብቁታል፤ «ጠላሁት» ብለው ይጀምሩና ሦስተኛው ገጽ ላይ ልባቸው ይወጣል። አንቺ ግን በግልጽ ነገርሽኝ። እኔም በግልጽ ልመልስልሽ፦ እየወደድሽውም «አይሆንም» ማለት ትችያለሽ። ሁለቱ አይጣሉም።

የእኔም አያት ጣውንት ነበረባት።

አያቴ የምትኖረው ደጋ ላይ፣ ደጀን አካባቢ ነበር። አያቴ፣ ማለቴ ወንዱ አያቴ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ዝቅ ብሎ ቆላ ላይ ሌላ መሬት ነበረው። ማሽላ ልጠብቅ ብሎ ይወርድና ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ቆላ ያለችውን ሴት አያቴ የሰማችው ገበያ ላይ ነው፤ ቅቤ ስትሸጥ አንዲት ሴት «የቆላዋ ወለደች» አለቻት። ቅቤዋን ሸጣ ጨርሳ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው። ማታ እግሩን አጠበችው፣ እራቱን ሰጠችው፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሲነጋም አልተናገረችም። ሃያ ዓመት አልተናገረችም። ሰፈሩ ግን ያውቃል፣ ልጆቿ ያውቃሉ፣ እሱም ማወቋን ያውቃል። እኔ ይህን ስትነግረኝ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንዝርቷን እያሾረች ነበር የምታወራው። «ቻልኩት» አላለችኝም። «ዝም አልኩት» ነው ያለችኝ። ሁለቱ ቃላት እንደማይገናኙ የገባኝ እኔም ካገባሁ በኋላ ነው።

ሲሞት የቆላዋ ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ገደሉን በእግሯ ወጥታ ልቅሶው ላይ ደረሰች። ለቀስተኛው ሁሉ ፀጥ አለ። አያቴ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና አብረው አለቀሱ። ሰው ይህን እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወራዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አያወራውም። አርባው ሳይወጣ የቆላ ልጆች «የአባታችን ርስት ይድረሰን» አሉ። በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር ጥያቄያቸው የአየር ጥያቄ አልነበረም። አባቴና ወንድሞቹ «ዲቃላ ርስት የለውም» ብለው ተነሱ። ክርክሩ ከዳኛ ዳኛ እየዞረ ሲጓተት ኖሮ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ነው የቆመው። የቆመው ክሱ ነው እንጂ ጥሉ አልቆመም። አባቴ ከቆላው ታናሽ ወንድሙ ጋር፣ በመልክ ቁርጥ እሱን ከሚመስለው ሰው ጋር፣ አንድ ቀን እንኳ ማዕድ ሳይቀርብ ነው የሞተው። ይህን የማወራሽ ሽማግሌዎቹ «ለልጆችሽ ብለሽ» ስላሉሽ ነው። አያቴም ዝም ያለችው ለልጆቿ ብላ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴን «ባህል ነው አላለሽም ወይ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ኧረ የምን ባህል፣ አንች ልጅ» አለችኝ፣ «ሊሞት ሲል ማሪኝ ነው ያለኝ።»

ባልሽ የዘለለው ይህን ነው። አዎ፣ አያቶቻችን ያደርጉት ነበር፤ ልክ ነው። ግን ምን ብለው እንደሚጠሩት ስሚ። ቤት ያለችው «ሚስት» ናት። ሌላዋ «እቁባት» ወይም «ውሽማ» ናት። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ «ጣውንት» ናቸው፤ በዚህ ቃል ውስጥ ፍቅር የሚባል ነገር የለም። ልጁ ደግሞ ምንም ሳያጠፋ «ዲቃላ» ይባላል። አንድ ሕዝብ የሚያከብረውንና የሚኮራበትን ነገር እንዲህ ባለ ስም አይጠራም። እኛ ዘንድ የሚከበረው ትዳር ቁርባን ነው፣ አንድ ለአንድ፣ እስከ ሞት። ፍትሐ ነገሥቱም ክርስቲያን በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት እንዳይደርብ ይከለክላል። የእኛ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀርበታል። ሰማንያም ቢሆን የቁርባንን ያህል አይጥበቅ እንጂ የሁለት ሰው ውል ነው፤ ሦስተኛ ሰው የሚገባበት ቦታ የለውም።

ነገሥታቱስ ካለሽ ደግሞ፣ አዎ፣ በመካከለኛው ዘመን ከአንድ በላይ ንግሥት የነበራቸው አሉ። ለዚያም ማዕረግ ወጥቶለት ነበር፤ ቀኝ በዓልቴሐትና ግራ በዓልቴሐት ይባሉ ነበር። መርጡለ ማርያም ሄደሽ ታውቂ ይሆናል፣ እዚያው በእናንተው በምሥራቅ ጎጃም ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስቶች አንዷ ነበረች። ትውልዷ ከሐድያ ነው፤ ያገባችውም የሁለት መንግሥታት ነገር ስለሆነ ነው። ያኔም ግን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ንጉሥን በዚህ ጉዳይ ፊት ለፊት እስከ መገሠጽ የደረሱበት ጊዜ ነበር፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በሚስት ነገር የገሠጹት መነኮሳት ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል። ስለዚህ «አያቶቻችን» ሲባል ያደረጉት ብቻ ሳይሆኑ የተቃወሙትም አያቶቻችን ናቸው።

አሁን ወደ አፍሪካው ልሂድ፤ ባልሽ በዚህ ነው የሚያሸንፍሽ የመሰለው።

አፍሪካ ውስጥ ከአንድ በላይ ማግባት አለ። በምዕራብ አፍሪካ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ማሊ፣ ኒጀር ብትሄጂ ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚኖረው። እዚሁ አገራችንም አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2016 በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ100 ባለትዳር ሴቶች 11ዱ ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው መልሰዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን ባህላቸውም ሃይማኖታቸውም የሚፈቅድላቸው አካባቢዎች ያሉ ናቸው፤ በእኛ በአማራ ክልል ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። እንደዚያ የሚኖሩትን ሰዎች አልንቅም። የማውቃቸው አሉ፤ ተከባብረው ልጆቻቸውን አሳድገው የኖሩ። ግን ልብ በዪ፣ ባህሉ ባለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ባህሉ ለወንዱ ፈቃድ ብቻ አይሰጠውም፣ ግዴታም ይጭንበታል። የመጀመሪያዋ ሚስት ታውቃለች። ለእያንዳንዷ የራሷ ቤት፣ የራሷ እርሻ ወይም ከብት ይለያል። ሙስሊም ጎረቤቶችሽን ጠይቂ፣ ቁርአኑ ራሱ ማስተካከልን ካልቻላችሁ አንድ ብቻ ይላል።

ኬንያ ያለሽ ግማሹ እውነት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋብቻ ሕጋቸው ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅዳል፤ ረቂቁ ላይ ሲከራከሩ የመጀመሪያዋ ሚስት ፈቃድ ይጠየቅ የሚለው ስለተሰረዘ ሴት የምክር ቤት አባላት ረግጠው ወጥተው ነበር። ባልሽ ያልነገረሽ ግን ይህ ነው፦ ያ ሕግ ፈቃዱን የሚሰጠው በባህል ወይም በእስልምና ለተፈጸመ ጋብቻ ነው። በክርስቲያን ሥርዓት ወይም በመንግሥት መዝገብ የተጋባ ሰው በኬንያም አንድ ሚስት ብቻ ነው ያለው። ሴኔጋል ደግሞ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የቤተሰብ ሕግ ሰውየው አንድ ሚስት ነው ወይስ ከዚያ በላይ የሚለውን የሚናገረው ሲጋባ ነው። አንድ ብሎ ከመረጠ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም። ማለትም ሴቲቱ ወደምን እንደምትገባ አውቃ ትገባለች። ቱኒዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ከልክላዋለች፣ እሷም አፍሪካ ናት።

የደቡብ አፍሪካውን ደግሞ ሳላወራሽ አላልፍም፣ ከአንቺ ነገር ጋር በጣም ስለሚገናኝ። አንድ የጾንጋ ሰው ሞተ። ሚስቱ ጋብቻዋን ላስመዝግብ ብላ ስትሄድ ሌላ ሴት «እኔም ሚስቱ ነኝ» ብላ መጣች። ጾንጋዎች ከአንድ በላይ ማግባት ባህላቸው ነው፣ ማንም አይክደውም። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2013 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ስለ ባህሉ የሚያውቁ ሰዎችን አስመስክሮ የመጀመሪያዋ ሚስት ሳትፈቅድ የተደረገው ሁለተኛ ጋብቻ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ባህሉ ባለበት አገር፣ ባህሉን በሚያከብር ሕግ፣ ተደብቆ የተደረገው ነገር ፈረሰ። ባልሽ አምስት ዓመት ደብቆ ከተያዘ በኋላ ነው ባህል ያለው። ባህል ሰው ሲያየው የሚደረግ ነገር ነው እኮ፤ ሠርግ አለው፣ እማኝ አለው፣ ዘመድ ይጠራበታል። እሱ ማንን ጠራ?

በ2003 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት ማፑቶ ላይ ያጸደቀው የሴቶች መብት ፕሮቶኮልም አለ። አንቀጽ 6 ላይ አንድ ለአንድ የሆነው ጋብቻ ይበረታታ ይላል፤ ከአንድ በላይ በሆነ ትዳር ውስጥ ያሉ ሴቶችም መብታቸው ይጠበቅ ይላል። ይህን የጻፉት አፍሪካውያን ናቸው። እና «አፍሪካዊ ነን» ሲልሽ አንቺም አፍሪካዊት መሆንሽን አትርሺ፤ አፍሪካን እሱ ብቻ አይናገርላትም።

የእኛው ሕግስ? እዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አልነገሩሽም። የፌዴራሉም፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ ላይ ያለ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 650 ላይ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ያስቀጣል። ሁለተኛዋን ሴት ሚስት የለኝም ብሎ አታሎ ያገባ ከሆነ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ሕግ በሚያውቀው ሃይማኖት ወይም ልማድ መሠረት ለተደረገ ግን ቀጣዩ አንቀጽ በር ከፍቷል። ባልሽ በዚያ በር ሊገባ አይችልም፤ ሃይማኖታችሁም የአገራችሁ ልማድም አይፈቅድለትም። ከአዲስ አበባዋ ጋር ሳይፈራረም እንዲሁ አብሮ የሚኖር ከሆነ ይህ የወንጀል አንቀጽ ላይነካው ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ውል አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። እኔ ባልሽን አሳስሪው እያልኩሽ አይደለም። ቆመሽ የምትከራከሪበት መሬት የት እንደሆነ እያሳየሁሽ ነው። «ባህል ነው» ሲልሽ የተንቀጠቀጥሽው ከእግርሽ ሥር ምንም ያለ ስላልመሰለሽ ነው፣ ግን አለ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ቤቱ በትዳር ውስጥ ያፈራችሁት ከሆነ የጋራ ነው፤ ካርታው በእሱ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ነው። የጋራ ቤትን ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ማስያዝ አይቻልም። ባንኩ ፊርማሽን የሚጠይቀው ለጨዋነት አይደለም፤ ካልፈረምሽ ነገሩ አይሆንም። ስትፈርሚ ደግሞ እዳው የአንቺም ይሆናል። ብድሩ ለምን እንደሆነ በደብዳቤሽ አልጻፍሽም። ያልጻፍሽው ስላልነገረሽ ይመስለኛል። እዚያ ቤት ሊገዛላት ይሁን፣ ንግዱ ከስሮ ይሁን፣ ሁለቱም ይሁን አታውቂም። የማታውቂውን እዳ አትሸከሚ። «አታምኚኝም ወይ» ካለሽ፣ «አምኜህ ነበር» በዪው፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ገጠር መሬት ካላችሁ፣ በእኩል የሚታረስም ቢሆን፣ ደብተሩን ፈልጊ። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ነው የሚኖረው። ደብተሩ የት እንዳለ ካላወቅሽ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ሄደሽ መዝገቡን ጠይቂ። የቤቱን ካርታ፣ የሰማንያውን ውል፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ ስጪ። የጤፉን ሒሳብም ጻፊ፤ ከማን ስንት ኩንታል ተረከብሽ፣ በስንት ሄደ፣ ስንት ተመለሰ። እስከ ዛሬ በቃል ከያዝሽው ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ያዢው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ ነፃ የሕግ ምክር እንዴት እንደሚገኝ ጠይቂ። የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሄደሽ ተናገሪ። መናገር ክስ አይደለም።

ሌላም አለ፣ ለመናገር የሚከብድ ነገር ግን ልተወው አልችልም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ኤችአይቪም ሌላውም። እሱም ይመርመር። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ መኝታችሁ የተለያየ ይሁን። ይህ ቂም አይደለም፣ ሦስት ልጅ ያላት እናት ነሽ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ፣ ክብራቸው ይጠበቅ። ግን እነሱን የላካቸው እሱ ነው፤ የሰሙትም የእሱን ነው። አንቺም ሽማግሌ አለሽ። አጎትሽን፣ የነፍስ አባትሽን፣ ከአካባቢውም በሰው የምትሰማ አንዲት ትልቅ ሴት ምረጪ፤ ሴት ትኑርበት፣ ይህን ነገር የኖረችው ሴት ታውቀዋለችና። በእነሱ ፊት እሱን ቁጭ አድርገሽ የሚጠየቀውን ጠይቂ። ከዚያች ሴት ጋር ተፈራርመሃል ወይ? ስንት ብር ነው በወር የሚሄደው? ብድሩ ለምንድነው? ትተዋታለህ ወይስ እኔን ነው የምትተወው? አምስት ዓመት አስቦበታል፤ መልስ ለመስጠት ሌላ አምስት ዓመት አያስፈልገውም። ቀን ቁረጪለት። ከሰኔ አይለፍ፤ ክረምት ከገባ መንገዱም ጭነቱም ሰበብ ይሆንለታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባል የለ።

የእኔን ሐሳብ በቀጥታ ከፈለግሽ፣ ጣውንትነትን አትቀበዪ። ይህን ስል ነገ ፍርድ ቤት ሂጂ ማለቴ አይደለም። ልጁን እየጦረ ያቺን ቤት ከዘጋ፣ ሒሳቡን ከገለጠ፣ ይቅርታውን በሽማግሌው ፊት ከጠየቀ፣ አንቺም ልብሽ ከፈቀደ፣ ትዳሩ ሊድን ይችላል፤ የዳኑ አይቻለሁ። «ሁለታችሁንም ነው የምፈልገው» ብሎ ከቆመ ግን ቤቱን ያፈረሰው እሱ ነው፤ አንቺ የፈረሰውን ስም ትሰጪዋለሽ እንጂ አታፈርሺውም። ጋብቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ንብረት ክፍፍሉም የልጆቹ ቀለብም እዚያው ይታያል። ተናድደሽ ልብስሽን ጠቅልለሽ ወደ እናትሽ እንዳትሄጂ። ቤቱ ቤትሽ ነው። ይሉኝታ ይዞሽ ዝም ብትዪም እንደ አያቴ ሃያ ዓመት ይሄዳል። አንቺ ገና 38 ዓመትሽ ነው።

ስለዚያች ሴት የጻፍሽውን አላወጣሁትም፣ ሰው ሲያነብበው ደስ አይልሽም። ተናደሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን እሷ ምን እንደተባለች አታውቂም። «ፈትቻታለሁ» ተብላ ይሆናል። «ጎጃም ያለችው እህቴ ናት» ተብላ ይሆናል፣ እንዲህ ያለም ሰምቻለሁ። ስልኳን ካገኘሽ ስድብ አትላኪ። ባለትዳር መሆኑን ታውቂ ነበር ወይ ብለሽ ብቻ ጠይቂያት። መልሷ ለአንቺም ለእሷም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ሄደሽ ደጃፏ ላይ እንዳትጮኺ፤ ይህ የሁለት ሴት ጠብ የሚሆን ከሆነ እሱ ከመካከል ወጥቶ ቆሞ ያያል።

ለልጆችሽ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ንገሪያቸው። የበኩር ልጅሽ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ምናልባት ሰምቷል። እሱ ራሱ አባትየው ቢነግራቸው ይሻላል፣ አንቺ ባለሽበት። ካልደፈረ አንቺ ንገሪያቸው፣ አጭር አድርገሽ፣ ሳትሰድቢ። አባታቸውን እንዲጠሉልሽ አትጠይቂያቸው።

የቀረው የፋሲካው ነገር ነው። «ልጁን ይዤ እመጣለሁ» ማለቱ አንቺን ሳያማክር መሆኑ ልክ አይደለም፤ እሱን ንገሪው። በዓሉ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሲያስገባው አንቺ ዝም ካልሽ እንደ ስምምነት ሊቆጥርብሽ አስቦም ይሆናል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት በሽማግሌዎችሽ ፊት ለይተሽ ተናገሪ፦ ልጁን መቀበሌ እናቱን በጣውንትነት መቀበሌ አይደለም ብለሽ። ይህን ከተናገርሽ በኋላ ግን ልጁ ይምጣ። የአገሩ ሕገ መንግሥት ራሱ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። የልጆችሽ ወንድም ነው። አባቴ ወንድሙን ሳያውቅ ነው የሞተው፤ የወንድሙን ልጅ እኔ ያወቅኋት ሁለታችንም ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ ነው። እጇ የአያቴን እጅ ይመስላል።

አራት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ብቸና ድረስ ተንገላቶ ነው የሚደርሰው፤ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ሲወጣ ያስመልሰዋል። ሲደርስ ውሃ ስጪው፣ ፊቱን አጣጥቢው፣ ከልጆችሽ ጋር አንድ ትሪ ላይ ዶሮውን ይብላ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ አልሽ ወይ? አራት ገጽ ሙሉ ስትጽፊ «ልጁ» ብቻ ነው ያልሽው። ስሙን አልጻፍሽልኝም፤ አልነገረሽ ይሆናል፣ አልጠየቅሽውም ይሆናል። ሲመጣ ስሙን ከራሱ ጠይቂው።